የጠላ ጋን ውስጥ የከረሙት ጥንቸሎች

ሰው "ምን ያረባሉ?" ሲለኝ "ጥንቸል" እላለሁ። ቀድሞ እንዲህ ስል የሚስቅብኝ ብዙ ነበር። ዛሬ ዛሬ የሚስቀው ቀንሶ የሚጠይቀው በዝቷል። "በሰው ቤት፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ እንዴት አድርገው ከሙቀት አተረፏቸው?" ይሉኛል። ነገሩ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው፤ የፊደል ግድፈት ቢገኝበት ልጄ ታርመዋለች።

እኔ የላይ ጋይንት ሰው ነኝ። አገሬ ከንፋስ መውጫ ወደ ጉና አፋፍ ሲወጣ ነው። ገብስ ሳርስ፣ በግ ሳረባ ነው የኖርኩት። በእኛ አገር ከብት የሚገድለው ብርድ ነው። ውርጩ ሲወርድ ስንቱን ግልገል በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ከደረቴ አስጠግቼ አንግቻለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ "ሙቀት ከብት ይፈጃል" ቢለኝ ቀልዱን ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ባለቤቴ ካረፈች፣ ጉልበቴም ከከዳኝ በኋላ፣ ልጄ "ብቻዎን አይኖሩም" ብላ ወደ ራሷ ወሰደችኝ። ልጄ መምህርት ናት፤ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ታስተምራለች። በሬዎቼን ሸጬ፣ መሬቱን ለወንድሜ ልጅ በእኩል እንዲያርስ ሰጥቼ መጣሁ። የከተማው ሰው አገራችን ወይና ደጋ ነው ይላል። ለእኔ ግን ከእኛ አገር ለወረደ ሰው ቆላ ማለት እሱ ነው።

የምንኖረው በኪራይ ነው። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። አከራያችን ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ፣ ጠላ ጠምቃ የምታድር ሴት ናት። እጇ ንጹሕ ነው። በገበያው ቀን ከስንት አገር የመጣው ገበያተኛ አህያውን ከአጥሩ አስሮ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው። እኔን "አያ" ትለኛለች፣ እኔም "እሜቴ" እላታለሁ።

በአንድ ክረምት ልጄ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ ስትመለስ የብስኩት ካርቶን ታቅፋ መጣች። ካርቶኑ ይንቀሳቀሳል።

"አባባ፣ እጅዎ ሥራ ፈትቶ ሲያዝን አየሁት። ይኸው" አለችኝ።

ብከፍተው ሁለት ጥንቸሎች፤ ሴቷ ነጭ፣ ወንዱ ዳልቻ። እኔ የማውቀው ጥንቸል የዱሩን ነው፤ ባቄላዬን ስትበላ በድንጋይ የማባርራትን።

"ለምን ይሆናሉ?"

"ለምንም።"

"አይበሉ ነገር፣ እኛ ጥንቸል አንበላ።"

"አንበላም።"

"ይታለባሉ?"

"ኧረ አባባ።"

"እንግዲያ ይጫናሉ?"

ሳቀች። "ይታያሉ፤ በቃ። ተቀምጠው ያዩዋቸዋል።"

ለመታየት ብቻ የሚቀለብ ከብት በዕድሜዬ አላየሁም ነበር። ግን ሳር ሳቀርብላቸው ከንፈራቸው እንዴት እንደሚፈጥን፣ ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው ወለሉን እንዴት እንደሚደልቁ፣ ሲደሰቱ አየር ላይ እንዴት እንደሚጠማዘዙ ሳይ ዋልኩ። ማግሥቱንም እንዲሁ ዋልኩ። አከራያችን በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችና "አያ፣ ከክፍላችሁ አይውጡ እንጂ እኔን ምን ቸገረኝ። ደንበኛዬ ግን እንዳያያቸው" አለች። እሺ አልናት።

ክረምቱም አለፈ፣ ጥቢውም አለፈ፣ ምንም አልሆኑም። ጭንቁ የመጣው ከበጋው መጨረሻ ጋር ነው። ከመጋቢት ወዲህ እኩለ ቀን ሲሆን ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምጣድ ተደፍቶበት የተቀመጠ ይመስለዋል። እኔ ወጥቼ ግድግዳው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ እነሱ ግን የት ይወጣሉ? እግራቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ልጥፍ ይላሉ።

ፋሲካ እንዳለፈ ልጄ ሴቷን አቅፋ ሆዷን ስትዳብስ ቆየችና "አባባ፣ ይኼ ነገር እርግዝና ነው" አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ስታነብ አመሸች። ያነበበችውን ነገረችኝ፦ ጥንቸል እንደ ሰው አታልብም፣ ሙቀቷን የምታስወጣው በጆሮዋ ነው፤ ያረገዘች ከሆነች ደግሞ አንድ ክፉ ቀትር ይበቃታል፣ እናትም ልጆቹም አይተርፉም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የምናወራው ስለዚህ ብቻ ሆነ። ልጄ ቀን ትምህርት ቤት ናት። ቀትሩ የእኔ ነው።

ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ መዳበስ ልጄ ያሳየችኝ ነው። ረዳ፤ ግን ጨርቁ ቶሎ ይደርቃል። ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርገን ማዶ ካለው ሱቅ ፍሪጅ እያስቀመጥን፣ በረዶ ሲሆን ከጎኗ እናስተኛላት ጀመር። ወደደችው፤ ተደግፋው ትተኛ ነበር። ታዲያ መብራቱ ሄደና በዚያው ቀረ። ባለሱቁም "አባት፣ እኔም ለስላሳዬን ሞቆ ነው የምሸጠው" አለኝ።

እኔ ደግሞ ያገሬ ዘዴ መጣልኝ። ቆርቆሮው ላይ ሣር ባለብሰው ቤቱ ይቀዘቅዛል። ለእሜቴ ነገርኳት።

"ምን አሉኝ?"

"ሣር ላልብሰው ነው የምልሽ፤ እስከ ሰኔ ብቻ።"

"አያ፣ ከሣር ቤት ለመውጣት ስንት ጋን እንደጠመቅሁ ያውቃሉ? ሰው 'ቤቷ ወደ ሣር ተመለሰ፣ ደኸየች' እንዲለኝ ነው? ቆርቆሮዬን ሚስማር ቀርቶ ሣር እንዳይነካብኝ።"

እውነቷን ነው። ለእሷ ቆርቆሮው ዘውዷ ነው። የሣሩን ነገር ተውኩት።

ከዚያ ያ አርብ መጣ። ነፋስ የሚባል የለም። ከደጅ ስገባ ሴቷ እንደተጣለ ጨርቅ ተዘርግታለች። አፍንጫዋ ረጥቧል፣ ጎኗ ይርገበገባል፣ ጆሮዋን ስይዘው ከምጣድ የወጣ ትኩስ ዳቦ ይመስላል። ብጠራት ዓይኗን አላዞረችም። የበግ ሞት አውቃለሁ፤ ሞት ሲመጣ አመጣጡ ያው ነው። ቃሌን ረሳሁና አቅፌያት ወደ ግቢው ወጣሁ። ከጓሮ በኩል የእሜቴ ጌሾ አለ፤ ሥሩ ጥላ ነው፣ መሬቱም እሷ የእጣቢ ውኃ የምትደፋበት ስለሆነ እርጥብ ነው። እዚያ አስተኛኋት፤ ጆሮዋን በውኃ ዳበስኩላት።

ግቢው ሙሉ ነበር። ገበያተኛው መደብ ላይ ተደርድሮ ይጠጣል። ሁሉም ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ የተናገረው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ ምላሱ ከመርፌው ይሰላል።

"አያ፣ ጌሾ አያቅምሷት። ጌሾ የበላች ጥንቸል ሰክራ ሰው ትሳደባለች።"

"አንተን ከሰደበችማ ሳትሰክር ነው" አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። እሜቴ ግን አልሳቀችም። ጣሳዋን እንደያዘች መጥታ ቆመችብኝ።

"ምን ተባብለን ነበር?"

"ልትሞትብኝ ነው እሜቴ።"

"ትሙታ። ርኩስ አይደለች? ነገ በዚህ ሁሉ አገር 'ጥንቸል ከሚርመሰመስበት ቤት ጠላ ይጠጣል?' ሲባል እንጀራዬን ማን ሊሰጠኝ ነው? ወይ ወደ ክፍልዎ ይመልሷት፣ ወይ ቤቴን ይልቀቁልኝ።"

ብመልሳት እንደምትሞት አውቄያለሁ። ቤቱን ብንለቅ ልጄ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ቤት አታገኝም። እጄን ከጆሮዋ ላይ ሳላነሣ ቁጭ አልኩ። 

መደቡ ጥግ ላይ የእሜቴ የንስሐ አባት ተቀምጠዋል። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፣ ከቅዳሴ መልስ ጠላቸውን ይቀምሱ ነበር። ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ልጄ፣ እኒያ አጥርሽ ላይ የታሰሩት ምንድን ናቸው?"

"አህዮች ናቸው አባ።"

"አህያ ይበላል?"

"ኧረ አይበላም አባ።"

"ገብስሽን፣ ብቅልሽን ማን አመጣልሽ?"

ዓይኗን ወደ አጥሩ፣ ወደ አህዮቹ መለሰች።

"ኦሪት ጥንቸልን አትብሉ አለ እንጂ ጥላ አትስጧት አላለም። እኝህ ሽማግሌ ሊበሏት አልመጡም። በይ አንድ ጣሳ ድገሚኝ" አሉና ጺማቸውን ጠረጉ።

ድፍን ግቢው የእሜቴን ፊት ያያል። እሷ እኔን አየች፣ ጥንቸሏን አየች፣ ዞራ ጠላውን ቀዳች። ሳትመለከተኝ "ከጌሾው ወዲህ እንዳታልፍ" አለች። ይኸው ነበር ፈቃዱ።

ጥላ ተገኘ። ግን ጥላ ብቻውን አያኖርም፤ ድመት አለ፣ ውሻ አለ፣ ፀሐይም ትዞራለች። ስቃኝ ከማድቤቱ ጀርባ አፏ የተሰነጠቀ የጠላ ጋን በጎኗ ወድቃ አየሁ። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት የምትመስል ትልቅ ጋን ናት። ሸክላ ቀዝቃዛ ነው፣ ይኼን ማንም ያውቃል። በማግሥቱ ለምኜ ወሰድኳት። እሜቴ "ለጠላ አትሆንም ብዬ እንጂ ለጥንቸል የጠላ ጋን ስሰጥ ራሴን ታዘብኩት" እያለች ነው የሰጠችኝ።

ከጌሾው ሥር መሬቱን ቆፍሬ ጋኗን በጎኗ አስተኛሁ፣ እስከ ወገቧ በአፈር ቀበርኳት። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላልና ግራና ቀኟን በጠጠር አስደገፍኩ። እንግዳ የምታስገባ ነችና ንጹሕ ትሁን አልኩ። በእኛ አገር ጋን የሴት ነው፤ ወንድ ከጋን የሚያውቀው የሚወጣውን ብቻ ነው። ግን ባለቤቴ ስታደርግ አይቻለሁ። ግራዋ ለቅሜ በቅጠሉ ውስጧን አሽቼ አሽቼ አጠብኩ። ከዚያ የወይራ ፍልጥ አቀጣጥዬ አፏን ከድኜ አጠንኳት፤ ጥሩ አድርጌ፣ ጭሱ በስንጥቁ እስኪወጣ። ሽታዋ ያውዳል። ኩራት ተሰማኝ። ጥንቸሏን አምጥቼ ባፏ አስጠጋኋት።

አስነጠሰች። ደግሞ አስነጠሰች። እግሯን ደልቃ ከእጄ አምልጣ ጌሾው ውስጥ ገባች። እንደገና ይዤ ባስጠጋት ቧጨረችኝ።

እሜቴ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ ኖሯል ሁሉንም የምታየው።

"አያ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ጋኗን አጥቤ አጥኜ ላስገባት ነዋ።"

"በወይራ?"

"በወይራ።"

"ጥንቸሏን ሊጠምቋት ነው?"

ይኼን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች። ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ስንኖር ያን ያህል ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እኔም ነገሩ ሲገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ጋን የሚታጠነው ጠላው እንዲጥም ነው፤ ጥንቸሏ ጠላ አይደለች። ደግሞ ከሙቀት ላድናት ብዬ እሳት ያነደድኩበት ቤት አዘጋጅቼላታለሁ።

ሳቋ ሲያልቅ ተነሥታ መጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ይውጡልኝ ከዚያ። ስለ ጋን የምጠየቅ እኔ ነኝ።"

ጋኗን ከአፈሩ አውጥተን አቆምናት፤ እሷም በውኃ ሞላቻት። "ጭሱን ውኃው ይጠጣዋል፣ ይደር" አለች። ስንጥቁ ቢያንጠባጥብም አደረ። በማግሥቱ ደፍተን ነፋስ ካስመታናት በኋላ ወደ ጉድጓዷ መለስናት። "ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ" አለችኝ፤ "አዲስ እንስራ ያልባል፣ ስለዚህ ውኃ ያቀዘቅዛል። ይቺ ግን ስንት ዘመን ጠላ ጠጥታ ጠጥታ ገላዋ ተደፍኗል፤ አታልብም። ከላይ የሚያልብላት ነገር ይፈልጉላት።" አሮጌ ጆንያ ሰጠችኝ። ጆንያውን በውኃ ነክሬ ጋኗን አለበስኳት፣ በላዩ ሳር ጣል አደረግሁ። ሣሩን ስታይ "እዚያ ላይ እንኳ ይሁን፣ ቆርቆሮዬ አይደለም" አለች። ለአፏ መዝጊያ የተቀደደ ወንፊት አመጣች፤ ነፋስ ያስገባል፣ ድመት አያስገባም። ለወንዱም አንገቱ የተሰበረ እንስራ ጨመረችልኝ።

ቀትር ላይ ጥንቸሏን አስገባኋት። ዞረች፣ አሸተተች፣ ጥግ ይዛ ተጋደመች። ቆይቼ ጆሮዋን ብይዘው ቀዝቅዟል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎንበስ ብላ እጇን አስገብታ "አባባ፣ ይኼ ከፍሪጁ ይበልጣል" አለችኝ። ገለባ እንድጨምር ነገረችኝ፤ ሕፃናቱ ሲወለዱ ራቁታቸውን ስለሆኑ እናታቸው ቅዝቃዜ ስትፈልግ እነሱ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ገለባው ወደ ውስጥ ጥግ ይሁን፣ እንዳይረጥብም አለች። እንዳለችው አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጆንያውን እንዳይደርቅ መጠበቅ ሆነ። ሲደርቅ አጠጣዋለሁ፣ ፀሐይ ስትዞር ሳሩን አዞረዋለሁ። እርሻ ማለት ይኸው ነው፤ የማይጠብቅህን ነገር መጠበቅ።

ጥንቸሏ ከደረቷና ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ገለባው ላይ ማንጠፍ ስትጀምር ልጄ ቀኗ ደርሷል አለች። በዚያው ሰሞን አንድ የሰፈር ሽማግሌ ዐረፉ። ቀብር የማይቀርበት ነገር ነው። በጧት ጆንያውን አርጥቤ ሄድኩ፤ እስከ ቀትር እመለሳለሁ ብዬ። ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ይጠበቅ ተባለ፣ ፍትሐቱም ረዘመ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትቆም መቃብሩ ገና አልተከደነም። ያቺ ፀሐይ ጆንያውን እንዳደረቀችው፣ ሸክላው እንደጋለ፣ ውስጡም ከቆርቆሮው ቤት እንደባሰ በዓይኔ ታየኝ። ለቀስተኛው ለሰውየው ሲያለቅስ እኔ በለቅሶ መሐል ለሰው የማይነገር ሐሳብ እያሰብኩ ቆሜያለሁ።

እግሬ እንደቻለኝ ወረድኩ። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ወደ ጓሮ ዞርኩ። እሜቴ ከጌሾው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የውኃ ጆግ አለ። ጆንያው ጠብ ጠብ ይላል። ነጠላዋን ደግሞ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ከጌሾው ቅርንጫፍ አስራ ጋርዳለች።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ቀስ ይበሉ፣ አራስ ናት።"

ወንፊቱን ገለጥ አደረግሁ። ውስጥ ጥግ ላይ የፀጉሩ ክምር ይተነፍሳል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እናቲቱ ከጋኗ አፍ ጥግ ተጋድማ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ጆሮዋን ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጥሽ?" አልኳት።

"ጆንያው ሲደርቅ ከማድቤት ሆኜ አየሁታ። ጠላዬን ደንበኛው ራሱ ይቅዳ ብዬ መጣሁ። አርብ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር፣ እንዳይኮሩ።"

ኮራሁ። እንዴት አልኮራም።

ልጆቹ ሁሉም አደጉ፤ አንድ አልወደቀም። የዚያ ግንቦት ሙቀት የከተማው ሰው ራሱ የሚያስታውሰው ነው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው በወንፊቱ ቀዳዳ አፍንጫቸውን ያወጡ ጀመር፤ ያኔ ነው ከግቢው ወደ ጓሮ መንገድ የወጣው። ገበያተኛው ጠላውን ይዞ "እስቲ እንያቸው" እያለ ይዞራል። ልብስ ሰፊው ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው። አንድ የስማዳ ሰው "ከዚህ ቤት ጥንቸል አለ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁ" ሲላት እሜቴ "ጠላም አለ" አለችው፣ ሁለቱንም ሳያይ አልሄደም። ጠላዋን ትቶ የሄደ አንድ ሰው አላየሁም።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ጋኗ የምታስፈልግበት ጊዜ አለቀ፤ ግልገሎቹም ከእናታቸው የሚለዩበት ጊዜ ደረሰ። ልጄ አስባበት ቆይታለች። ለሥራ ባልደረቦቿ፣ አንዱን መካነ ኢየሱስ ከተማ ላለች ጓደኛዋ፣ ሌላውንም ለሱቁ ሰውዬ ልትሰጥ ነው። ካርቶን ፈልጋ፣ በጎኑ ቀዳዳ በስታ ወደ ጓሮ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

እሜቴ ወንፊቱ ፊት ለፊት ቆማለች።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ለሰው ልሰጣቸው ነው፣ እትዬ" አለች ልጄ። "እዚህ በዝተው ያስቸግሩዎታል ብዬ።"

"ማን አስቸገሩኝ አለሽ?"

"ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እኛ ተከራዮች ነን..."

"ቤቱማ የኔ ነው። ጋኑም የኔ ነው። ከጋኔ የወጣ ያለ እኔ ፈቃድ ከግቢዬ አይወጣም። ወንዶቹን አንቺ ለፈለግሽው ስጪ፤ ሴቶቹ ይቀራሉ።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረች፣ ምን ልበላት ብላ።  ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበልኳትና ወንዶቹን ከሴቶቹ መለየት ጀመርኩ።